ጃፓን ሄዳችሁ ሚንሹኩ ልታድሩ ነው? እራቱ ለምን በ12 ሰዓት እንደሆነ ላስረዳችሁ

ጃፓን ለመሄድ ያሰበ ሰው ማደሪያ ፍለጋ ኦንላይን ሲገባ ሆቴል፣ ሪዮካን፣ ሚንሹኩ፣ ሚንፓኩ፣ ሹኩቦ የሚሉ ስሞች ይደረደሩለታል። ፎቶዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ሁሉም ላይ የሳር ምንጣፍ አለ፣ ሁሉም ላይ የወረቀት በር አለ፣ እና አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ዋጋ አይቶ ረከስ ያለውን መንካት ነው። ሚንሹኩ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዚህ መንገድ ነው፣ እንደ ርካሽ ሆቴል ታስቦ። ከዛ ሰውየው በሆቴል አስተሳሰብ ይሄዳል፣ ማታ 3 ሰዓት ይደርሳል፣ እራቱ አልፏል፣ የቤቱ እናት ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምረው እየጠበቁት ነበር፣ ሁለቱም ይከፋቸዋል። ይሄ እንዳይሆን ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም ነገሩ ገብቶት ለሄደ ሰው የጃፓንን ኑሮ በቅርብ ለማየት ከሚንሹኩ የተሻለ መንገድ አለ ብዬ አላምንም።

ሚንሹኩ ማለት ባጭሩ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ላይ የተወሰኑ ክፍሎችን አዘጋጅቶ እንግዳ የሚያሳድርበት ቤት ነው። አምስት ስድስት ክፍል ቢኖረው ነው፣ አንዳንዱ ከዛም ያነሰ። ሩም ሰርቪስ የለም፣ ሊፍት የለም፣ በፈረቃ የሚቀያየር ሰራተኛ የለም። ጠዋት አሳ የሚገዛው፣ ሩዝ የሚቀቅለው፣ ገንዳውን የሚያጥበው፣ ስልክ የሚያነሳው፣ ማታ ሒሳብ የሚሰራው ባልና ሚስቱ ናቸው፣ ምናልባት ልጅ ወይ ምራት ታግዛቸው ይሆናል። ሌላ ምንም ባታስታውሱ ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የማወራው ደንብ ሁሉ፣ ሰዓቱም፣ ካሽ መባሉም፣ ገንዳውም፣ ምግቡም ከዚህ ከአንዱ ነገር ነው የሚመጣው።

ከሌሎቹ ጋር ያለውን ልዩነት ቶሎ ልለፈው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሪዮካን ባህላዊ ሆቴል ነው፣ ሰራተኛ አለው፣ ምግብ ክፍላችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል፣ እራት ላይ ሳላችሁ ገብተው ፍራሻችሁን ያነጥፉላችኋል፣ ዋጋውም በዛው ልክ ከፍ ይላል። ሚንፓኩ ደግሞ ሰው የመኖሪያ ቤቱን ወይ አፓርታማውን እንደ ኤርቢኤንቢ የሚያከራይበት ነው፣ ባለቤቱን ጭራሽ ላታዩት ትችላላችሁ፣ በጁን 2018 ስራ ላይ የዋለው ሕግ በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንዳይሰራ ይገድበዋል። ሚንሹኩ ግን ከ1948 ጀምሮ ባለው የማደሪያ ቤቶች ሕግ ፈቃድ አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ መስራት የሚችል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ "ቀላል ማደሪያ" በሚባለው ምድብ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ የሰው ቤት ነው ስላችሁ ፈቃድ የሌለው ጓዳ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሹኩቦ የቡድሃ ገዳም ማደሪያ ነው፣ እሱን ስለ ጾም ሳወራ እመለስበታለሁ።

ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ መነሻው ገበሬና አሳ አጥማጅ ነው። ተራራ ስር ያሉ መንደሮች ክረምት ላይ (የጃፓንን የብርድ ወራት ማለቴ ነው) መሬቱ በበረዶ ሲሸፈን የሚታረስ ነገር የለም፣ በረዶ ላይ ተንሸራታቹ ግን የሚመጣው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ቤታቸውን ከፈቱለት። በናጋኖ ግዛት ያለው የሃኩባ መንደር በዚህ ይታወቃል። ባህር ዳር ደግሞ በተቃራኒው በጋ ላይ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ከከተማ ለመዋኘት የሚመጣው ሰው ማደሪያ ሲያጣ አሳ አጥማጁ ያጠመደውን እያበሰለ ያሳድረው ጀመር። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ጃፓን ሀብታም ስትሆንና ሰራተኛው የእረፍት ጊዜ ሲያገኝ ነገሩ በጣም ተስፋፋ። ያኔ ከከፈቱት ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ አርጅተዋል፣ ይሄን በኋላ ላነሳው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሰዓቱና ዋጋው።

ዋጋው በክፍል አይደለም፣ በሰው ነው። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው "አንድ አዳር ከሁለት ምግብ ጋር" ተብሎ ነው፣ ጃፓኖቹ ኢፓኩ ኒሾኩ ይሉታል፣ እራትና ቁርስ ማለት ነው። ለምሳሌ ዋጋው 10,000 የን ከተባለና ሁለት ከሆናችሁ 20,000 ነው፣ ቤቱ የፍል ውሃ መታጠቢያ ካለው ደግሞ የመታጠቢያ ግብር የሚባል አለ፣ ብዙ ቦታ በሰው በአዳር 150 የን ነው፣ ስለዚህ 20,300 ትከፍላላችሁ። ክረምት ላይ ለማሞቂያ ጥቂት መቶ የን የሚጨምሩም አሉ። ከሆቴል ጋር ስታወዳድሩ ሁለት ሙሉ ምግብ ውስጡ እንዳለ አትርሱ፣ እራቱ ደግሞ ከተማ ሬስቶራንት ውስጥ ለብቻው ብታዙት የዋጋውን ግማሽ ሊወስድ የሚችል ነው።

ሰዓቱ ላይ የኛ ሰው ድርብ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ቡኪንጉ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 18:00 ካለ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ብዙው ሚንሹኩ እንግዳ መቀበል የሚጀምረው 15:00 (ከቀኑ 9 ሰዓት) ላይ ነው፣ እራት የሚበላ ሰው እስከ 17:00 (11 ሰዓት) ቢገባ ነው የሚፈልጉት፣ እራት 18:00 ወይ 18:30 ነው፣ ቁርስ 7:00 ወይ 7:30 (ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል) ነው፣ መልቀቂያው 10:00 (ጠዋት 4 ሰዓት) ነው፣ አንዳንዱ ጋ ከዛም ይቀድማል። ለምን እንዲህ ይጠብቃል ካላችሁ፣ እናትየዋ እራት አብስለው፣ አቅርበው፣ አንስተው፣ የሁሉንም ሰው ሰሃን አጥበው፣ ለነገ ሩዝ ዘፍዝፈው፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ታጥበው ነው የሚተኙት፣ ጠዋት ደግሞ ከእናንተ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሳሉ። እራቱ በአንድ ሰዓት ቢገፋ የሳቸው እንቅልፍ ነው በአንድ ሰዓት የሚያጥረው፣ የሚተካቸው ሰው የለም። አሳው ደግሞ ልክ በሰው ቁጥር ነው የሚገዛው፣ ስምንት እንግዳ ካለ ስምንት አሳ፣ የሚጠበሰውም የሚጠበቀው ሰዓት ደርሶ ነው። ስለዚህ ባቡር ካመለጣችሁ ወዲያው ደውሉ፣ ጃፓንኛ ባትችሉም የባቡር ጣቢያው ሰራተኛ ወይ ጣቢያው አጠገብ ያለው የቱሪስት መረጃ ቢሮ ይደውልላችኋል፣ በጣም ተባባሪ ናቸው። ዝም ብሎ ማርፈድ ግን ትልቅ በደል ነው፣ ገጠር ውስጥ ከሆነ ተራራ ላይ ጠፍታችሁ ይሆናል ብለው በፖሊስ ሊያስፈልጓችሁ ሁሉ ይችላሉ።

ካንስል ማድረግም እንደዛው ነው። የቀኑ ዕለት ከቀራችሁ ብዙዎቹ ሙሉውን ያስከፍላሉ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ከሆነ ግማሽ ምናምን፣ ቤቱ ይለያያል፣ ሳትይዙ በፊት አንብቡት። ሳይናገሩ መቅረት ደግሞ ትልልቅ ሆቴል ላይ ብዙም አይታወቅም ይሆናል፣ አምስት ክፍል ያለው ቤት ላይ ግን የዕለቱን ገቢ አንድ አምስተኛ ማጥፋት ነው፣ የተገዛውም ምግብ አብሮ ይጣላል። ይሄን የማነሳው በተለይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትሄዱ ነው፣ ቪዛ ስታመለክቱ የት የት እንደምታድሩ በየቀኑ የሚያሳይ ፕሮግራም ስለምታስገቡ ብዙ ሰው ለማስመሰል ያገኘውን ሁሉ ቡክ ያደርግና ቪዛው ሲመጣ ይረሳዋል። እባካችሁ ለዚህ ስራ በነጻ የሚሰረዝ የከተማ ሆቴል ያዙ፣ ሚንሹኩውን ቪዛው እጃችሁ ከገባ በኋላ ያዙት። በአሜሪካ ወይም በአብዛኛው የአውሮፓ ፓስፖርት የምትሄዱ ለ90 ቀን ቪዛ ስለማያስፈልጋችሁ ይሄ አይመለከታችሁም።

ስትደርሱ ፓስፖርት ይጠይቋችኋል፣ ኮፒም ያነሱታል፣ አትደንግጡ፣ ጃፓን ውስጥ አድራሻ የሌለው የውጭ ዜጋ ሁሉ ላይ እንዲያደርጉት የታዘዙት ነው፣ ሆቴልም ያው ነው። ክፍያ ካሽ አዘጋጁ፣ ካርድ የሚቀበሉ እየበዙ ቢሆንም ገጠር ላይ አትመኑት፣ ካሽ ለማውጣት ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ውስጥ ያለው ኤቲኤም የውጭ ካርድ ይቀበላል፣ ግን መንደሩ ውስጥ ሱቁ ላይኖር ስለሚችል ከተማ ሳላችሁ አውጡ። ፎጣና የጥርስ ብሩሽም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሆቴልና ሪዮካን ላይ ይሰጣል፣ ሚንሹኩ ላይ ላይኖር ይችላል ወይም ይሸጥላችኋል። ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ በጣም ጠባብ ደረጃ ሊገጥማችሁ ስለሚችል ታኩሃይቢን በሚባለው የእቃ ማድረሻ ወደ ቀጣዩ ሆቴላችሁ ላኩትና የአንድ ሌሊት ቦርሳ ብቻ ያዙ።

ቤት ውስጥ ስትገቡ ጫማ በሩ ላይ ወልቆ ይቀራል፣ በስሊፐር ትገባላችሁ፣ ታታሚ የሚባለው የሳር ምንጣፍ ያለበት ክፍል ስትደርሱ ስሊፐሩም ይወልቃል፣ ሽንት ቤት ደግሞ የራሱ ስሊፐር አለው፣ እሱን አድርጋችሁ ኮሪደር እንዳትወጡ። መኝታው ፉቶን ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ሚንሹኩ ላይ ብዙ ጊዜ የምታነጥፉት ራሳችሁ ናችሁ፣ ጠዋትም አጣጥፋችሁ ጥግ ማድረጉ ጥሩ ነው። ትራሱ በባክዊት ገለባ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ለሱ አለርጂ ያለው ሰው ቀድሞ ይናገር። ዩካታ የሚባል የጥጥ ልብስ ካገኛችሁ ግራውን ክፍል ከላይ አድርጋችሁ ነው የምትደርቡት፣ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ሬሳ ሲገነዝ ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰራ፣ ስዕልና አበባ የተቀመጠበት ቦታ ካለ እዛ ላይ ሻንጣ አይቀመጥም። ክፍልና ክፍል የሚለየው አንዳንዴ ተንሸራታች የወረቀት በር ብቻ ስለሆነ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ስልክ በስፒከር ማውራት ይቅር፣ አገር ቤት ደውለን የምናወራበት ድምፅ ለዛ ቤት አይሆንም። ክረምት ከሆነ የጋዝ ማሞቂያ ይሰጧችኋል፣ ስትተኙ አጥፉት፣ ብርዱን ብርድ ልብሱ ይችለዋል።

መታጠቢያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በጣም የሚፈራው እሱን ስለሆነ። ሚንሹኩ ላይ ክፍላችሁ ውስጥ ሻወር አይኖርም፣ ለቤቱ ሁሉ አንድ ወይ ሁለት መታጠቢያ ነው ያለው። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፣ አንዱ ዝቅተኛ በርጩማ ያለው የሻወር ቦታ ነው፣ ሌላው 40 ወይ 42 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቅ ውሃ የሞላበት ገንዳ። እድፍ የሚለቀው ሻወሩ ጋ ነው፣ በሳሙና ታጥባችሁ፣ ሳሙናውን ሙልጭ አድርጋችሁ አጥባችሁ፣ ከዛ ነው ገንዳው ውስጥ የምትገቡት። ገንዳው ለመታጠቢያ ሳይሆን ለመሞቂያ ነው። ያው ውሃ ከእናንተ በኋላ ለሚገባው እንግዳ ነው፣ መጨረሻ ላይም ለቤተሰቡ፣ ስለዚህ ስትወጡ ውሃውን አትልቀቁት፣ ክዳን ካለው መልሳችሁ ክደኑት። ይሄን ሳያውቅ ገንዳውን ያፈሰሰ እንግዳ ቤቱን ሁሉ ነው ማታውን ሳይታጠብ የሚያሳድረው፣ እንደገና ለመሙላትና ለማሞቅ ጊዜውም ነዳጁም የለም። ሀፍረት ለያዛችሁ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ፣ ትንንሽ ሚንሹኩዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተራ በተራ ነው የሚገባው፣ ከውስጥ ቆልፋችሁ ብቻችሁን ወይ ከባለቤታችሁ ጋር ትገባላችሁ። ይሄ በተለይ ንቅሳት ላላቸው ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ የሕዝብ ፍል ውሃዎች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያላቸው ወይ አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንን ይዞ የሄደ ሰው በር ላይ ሊከለከል ይችላል። ተቆልፎ የሚገባበት የሚንሹኩ ገንዳ ላይ ግን ማንም ስለማያያቸው ችግሩ አይመጣም፣ ቡክ ስታደርጉ ለብቻ የሚገባበት እንደሆነ ብቻ ጠይቁ።

አሁን ምግቡ። ተራራ ላይ ከሆናችሁ የወንዝ አሳ በጨው ተጠብሶ፣ ከጫካ የተለቀመ ቅጠልና ቡቃያ በቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ)፣ ከአኩሪ አተር የሚሰራው ቶፉ፣ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባ፣ ኮምጣጤና ጨው የገባው አትክልት፣ ሩዝ። ጊፉ ግዛት አካባቢ ሚሶ በደረቀ የሆባ ቅጠል ላይ ሆኖ ፊታችሁ እየተጠበሰ ይመጣል፣ የሂዳ አካባቢ የበሬ ስጋም አለ። ባህር ዳር ከሆነ ጥሬ አሳው ይበዛል። ሜኑ የለም፣ የተሰራውን ነው የሚበላው፣ ሳህኖቹ ብዙና ትንንሽ ናቸው፣ አንድ ቤት ለአንድ ሰው አስር ሳህን ቢያቀርብ አይገርምም። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ አቁማችሁ አትትከሉ፣ እሱ የቀብር ነው። ቁርስ ላይ ጥሬ እንቁላል ከመጣ ሩዝ ላይ የሚደረግ ነው፣ የጃፓን እንቁላል በጥሬው ለመበላት ተብሎ ነው የሚዘጋጀው፣ ካልፈለጋችሁ መተው ይቻላል።

ለሚጾም ሰው ነገሩ ከሚመስለው ይከብዳል። "ስጋ አልበላም" ብትሉ እሺ ብለው አሳ ያበዙላችኋል። "አሳም አልበላም" ብትሉ አሳውን ያነሱና ሾርባው ግን ያው ይቀራል፣ ምክንያቱም ዳሺ የሚባለው የጃፓን ምግብ ሁሉ መሰረት ብዙውን ጊዜ ከደረቀ የቦኒቶ አሳ ነው የሚወጣው፣ ሚሶ ሾርባው፣ የተቀቀለው አትክልት፣ የኑድሉ መረቅ፣ የቴምፑራው ማጥቀሻ ሁሉ ውስጥ አለ። እነሱ ጋ እሱ እንደ አሳ አይቆጠርም፣ ቅመም ነው፣ ስለዚህ ማታለል አይደለም። በጾም አሳ የምትበሉ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ቅቤና ወተት የገጠር የጃፓን ምግብ ላይ ብዙም የለም፣ እንቁላሉን ብቻ አስቀሩ። አሳም የማትበሉ ከሆነ ግን ቡክ ስታደርጉ፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት፣ "ካትሱኦ ዳሺ" እንደማትበሉ ለይታችሁ ጻፉ፣ ኮምቡ በሚባለው የባህር ቅጠልና በደረቀ እንጉዳይ የሚሰራ ዳሺ ስላለ ፈቃደኛ የሆነ ቤት በሱ ሊሰራላችሁ ይችላል። በሩ ላይ ደርሶ መናገር ግን አይሆንም፣ ምግቡ ተሰርቶ አልቋል፣ እናትየዋም ምንም ሊያበሏችሁ ባለመቻላቸው በጣም ነው የሚያፍሩት። የአሳማ ስጋ የማትበሉ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም "ቡታኒኩ ታቤራሬማሴን" በሉ፣ የአሳማ ስጋ መብላት አልችልም ነው፣ ለሙስሊም ደግሞ ሳኬና ሚሪን የሚባሉት አልኮል ያለባቸው ማብሰያዎች ወጥ ነክ ነገር ውስጥ ሁሉ ስለሚገቡ እሱን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የማይስማማ ከሆነ ያለ ምግብ ማደር ብቻም አለ፣ ሱዶማሪ ይባላል፣ ግን መንደሩ ውስጥ ማታ የሚከፈት ምግብ ቤት ላይኖር ስለሚችል ስንቅ ይዛችሁ ነው።

በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ግን የምመክራችሁ ኮያሳን ነው። ዋካያማ ግዛት ውስጥ ያለ ተራራ ነው፣ መነኩሴው ኩካይ በ816 የመሰረተው የገዳም ከተማ፣ ዛሬ ከ50 በላይ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ። ሹኩቦ ያልኳችሁ እሱ ነው። ምግቡ ሾጂን ርዮሪ ይባላል፣ ስጋ የለ፣ አሳ የለ፣ ዳሺውም ከባህር ቅጠልና ከእንጉዳይ ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ጎማ ዶፉ የሚባለው ከሰሊጥ የሚሰራው ምግባቸው የታወቀ ነው፣ ደርቆ የሚቀመጠው ቶፉም በኮያ ስም ነው የሚጠራው። ወተትና እንቁላል ግን በገዳሙ ስለሚለያይ ጠይቁ። ጠዋት በ12 ወይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የመነኮሳቱ ጸሎት አለ፣ እንግዳ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፣ መግባት ግዴታ አይደለም። ዋጋው ከሚንሹኩ ይበልጣል፣ እሱን እወቁት።

የት ልሂድ ለምትሉ፣ መጀመሪያ የማነሳው ሺራካዋጎና ጎካያማ የሚባሉትን የተራራ መንደሮች ነው። ከ1995 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ናቸው። ቤቶቹ በጣም ቀጥ ያለ የሳር ጣሪያ ነው ያላቸው፣ እዛ የሚወርደው በረዶ ከባድ ስለሆነ ጣሪያው ተኝቶ ቢሰራ ይሰበራል፣ ሰፊው ቆጥ ደግሞ የሐር ትል ይረባበት ነበር። ጣሪያው በ30 ወይ 40 ዓመት አንዴ ገደማ ይቀየራል፣ እሱን አንድ ቤተሰብ አይችለውም፣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በደቦ ነው የሚከድነው፣ ዩኢ ይሉታል፣ ነገ የሌላው ተራ ሲሆን የዛሬው ባለቤት ሄዶ ይከፍላል። ከነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ሚንሹኩ ናቸው፣ መሀል ቤት ላይ ኢሮሪ የሚባል ምድጃ አለ፣ አሳው በእንጨት ተሰክቶ ዙሪያውን ይጠበሳል፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ሳሩንና እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። ሳር ጣሪያ ስለሆነ እሳት በጣም ይፈራሉ፣ ሲጋራ ውጭም ቢሆን ከተፈቀደው ቦታ በቀር አይጨስም። ቀን ቀን ሺራካዋጎ በቱሪስት አውቶቡስ ይጨናነቃል፣ አመሻሽ ላይ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ የሚቀረው መንደርተኛውና አዳሪው ብቻ ነው፣ እዛ ማደር ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። የጎካያማዋ አይኖኩራ ደግሞ ትንሽ ናት፣ ሰውም ያንሳታል፣ እኔ እሷን እመርጣለሁ።

መራመድ ለሚወድ የኪሶ ሸለቆ አለ። ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮን፣ ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ የነበረው ናካሴንዶ የሚባል አሮጌ መንገድ 69 ማረፊያ ከተሞች ነበሩት፣ ከነሱ ውስጥ ማጎሜና ትሱማጎ መሀል ያለው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ዛሬም በእግር ይኬዳል። የትሱማጎ ሰዎች በ1971 ቤት ላይሸጡ፣ ላያከራዩ፣ ላያፈርሱ ተስማምተው ነው መንደሩን ያቆዩት። ኩማኖ ኮዶ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ የሆነ የሐጅ መንገድ ነው፣ በየተራራው ስር ያሉት ማደሪያዎች ትንንሽ የቤተሰብ ቤቶች ናቸው፣ የታናቤ ከተማ የቱሪዝም ቢሮ በእንግሊዝኛ ቡክ የሚደረግበት ድረገጽ ስላለው ጃፓንኛ ለማይችል በጣም ይቀላል፣ ብዙዎቹ ቤቶች የመንገድ ምሳም ቋጥረው ይሰጣሉ። ሺኮኩ ደሴት ላይ 88 ቤተመቅደሶችን የሚያዞረው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድም እንደዛው ነው፣ እሱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

ጨዋታን በተመለከተ፣ ቋንቋ ባትችሉም አይክበዳችሁ፣ ስልክ ላይ ያለው አስተርጓሚ ይበቃል። ከኢትዮጵያ መጣን ስትሉ እድሜያቸው የገፋ ከሆኑ "አበበ!" ሊሉ ይችላሉ፣ የ1964ቱ የቶኪዮ ማራቶን ለነሱ ትልቅ ትዝታ ነው፣ አበበ ቢቂላ አንደኛ ወጥቶ ሳይደክመው ሳር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ በቴሌቪዥን ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። ቡናችንንም ያውቁታል፣ ሞካ ብለው ነው የሚጠሩት። ጉርሻ የሚባል ገንዘብ ግን አትስጡ፣ ጃፓን ውስጥ ቲፕ የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት የረሳችሁት መስሏቸው ሮጠው ያደርሷችኋል። ማመስገን የፈለገ ሰው ትንሽ ከረጢት የተቆላ ቡና ከአገር ቤት ይዞ ቢሄድ እሱ ነው የሚያስደስታቸው።

ወደ እድሜ ነገር ልመለስ። ገጠር ጃፓን ሰው እያረጀ ነው፣ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፣ የሚተካ ስላጡ ብቻ የሚዘጉ ሚንሹኩዎች ብዙ ናቸው፣ ስራ ስለጠፋ አይደለም። ኦንላይን የማይገኙ፣ በስልክ ብቻ የሚያዙም አሉ፣ እነዚህን የምታገኟቸው የመንደሩን የቱሪስት ቢሮ ስትጠይቁ ነው፣ ለትልልቆቹ የቡኪንግ ድርጅቶች ኮሚሽን ስለማይከፍሉ ገንዘባችሁ ሙሉውን ቤተሰቡ ጋ ይቀራል። የኖቶ ልሳነ ምድርም አለ፣ በኢሺካዋ ግዛት፣ ገበሬዎቹ ቤታቸውን ለእንግዳ በመክፈት የሚታወቁበት አገር ነበር፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በ7.6 የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ጎርፍ ተጨመረበት። ወደዛ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ደውሎ የትኛው ቤት እንደሚሰራ፣ መንገዱም እንዴት እንደሆነ ይጠይቅ፣ ክፍት የሆነ ካገኘ ደግሞ ከቻለ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሁለት ይያዝ፣ ለነሱ የአንድ ቀን አንሶላ ማጠብ ይቀርላቸዋል፣ እናንተም በሁለተኛው ቀን ሌላ እራት ትበላላችሁ።